በአባቴ ድምፅ የተነገረው የጥቅምት ማስታወቂያ

ድምፅ ማጉያ ሲከፈት መጀመሪያ ሲጥ ይላል፤ ቀጥሎ ሰውየው ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማል። ባለፈው ጥቅምት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት መኪና ቀስ ብላ አለፈችና ሁለቱንም ድምፆች ተከታትለው ሰማኋቸው፤ ሰውየው ስለምን እንደሚናገር ገና ሳላውቅ ከታክሲው ሰልፍ ወጣሁ። ለመስመር ጥገና ሲባል ሁለት ቀን ውሃ ይቋረጣል ነበር የሚለው። አጠገቤ የቆሙት ሰዎች ቀና ብለው እንኳን አላዩትም። እኔ ግን የመብራት እንጨት ተደግፌ፣ አባቴ ጭቃ በጨረሰው ቦት ጫማው የመንደራችንን መንገድ ሲወርድ ታየኝ።

አባቴ ደበላ በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ዘበኛና ለፋፊ ነበር። መንደራችን ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምሥራቅ፣ ከተማው አልቆ የጤፍ ማሳው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነበረች፤ ግማሹ ሰው ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር የቦታው የድሮ ገበሬ፣ ግማሹ ደግሞ በአውቶቡስ እየተመላለሰ ከተማ የሚሠራ ስለነበር፣ ቀበሌው ለሁሉም የሚበቃ አፍ ሲፈልግ ያገኘው አባቴን ነበር። እያንዳንዱን ነገር መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ ይናገር ነበር፤ በኦሮምኛ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ይለሰልስ ስለነበር እኛ ልጆች በድምፁ ብቻ የትኛው ቋንቋ ላይ እንደደረሰ ከሩቅ እናውቅ ነበር።

ክረምት ላይ ሥራው ይበዛበት ነበር። ጎርፍ ቦዩን ሲደፍነው ነዋሪው አካፋና ዶማ ይዞ እንዲወጣ ይጠራል፣ የቦኖው ውሃ ሲደፈርስ አፍልታችሁ ጠጡ ይላል፣ የቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሲመጣለት የትኛው መንደር በየትኛው ቀን እንደሚሰለፍ ይናገራል። አንድ ክረምት ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር «ስኳር ገብቷል ብለህ ተናገር» ሲሉት፣ ዝናቡን ተቋቁሞ ሱቁ ድረስ ሄዶ፣ ጆንያውን አስፈትቶ በእጁ ዘግኖ አይቶ ነበር የተናገረው። «በዓይኔ ያላየሁትን ለሰው አልናገርም» ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ወሬ ሲጠራጠሩ «ደበላ ተናገረው?» ብለው ይጠይቁና፣ ከተናገረው ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ይወጣሉ።

መስከረም ሲጠባ ማስታወቂያው ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ይሆን ነበር። ጎርፍ የቆራረጠው መንገድ ላይ ገረጋንቲ ሊደፋ መሆኑን፣ የተሰበረው ቦኖ መጠገኑን፣ የከብት ሐኪም መምጣቱን ሲናገር እኛ ከኋላው እየሮጥን እናዳምቅለት ነበር። አንድ ዓመት መስከረም ላይ ግን ሰው ደስታውን በግማሽ ልብ ነበር የተቀበለው፤ ከአጎራባች ቀበሌዎች ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና እየታፈሱ ነው የሚል ወሬ በየቀኑ ይመጣ ነበርና። ወንድሜ ግርማ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቤት ተቀምጧል። የአጥር ጎረቤታችን የእትዬ ጫልቱ ልጅ ለማም እኩያው ነበር፤ አባቱ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖት፣ በሬዎቹን ይዞ እናቱንና የአምስት ዓመት እህቱን አያንቱን የሚያበላው እሱ ነበር። ሁለቱ በአንድ ጡት የጠቡ ያህል ይዋደዱ ነበር፤ የማያውቁት መኪና ሲያዩ አብረው በጓሮ ዘለው ወንዝ ይወርዱ ነበር።

ጥቅምት ገባ። ብርዱ ጠና፣ ጤፉ መቅላት ጀመረ። አንድ ሐሙስ አባቴ ያለ ልማዱ በቀን ወደ ቤት መጥቶ፣ ቦት ጫማውን ሳያወልቅ መደብ ላይ ተቀመጠ። እኔ ጥግ ላይ ምስር እለቅም ነበር። ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣና ለእናቴ አነበበላት፦ ከዐሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያሉ ወጣቶች ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት መታወቂያ ለማሳደስ በቀበሌው አዳራሽ እንዲገኙ፣ የቀረ ካለ የቤተሰቡ የራሽን ካርድ እንደሚታገድ።

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ?» አለችው።

«መዝገቡን ልየው ብላቸው የለም አሉኝ። ፎቶ አንሺም አልጠሩም። መታወቂያ ያለ ፎቶ ይታደሳል?»

እናቴ «አልናገርም በላቸው» አለችው።

«ካልተናገርኩ መጀመሪያ የሚወስዱት ግርማን ነው።»

አባቴ ምሳውን ሳይበላ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ያ ሲጥ የሚለው ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎም የአባቴ ድምፅ፣ በአማርኛ፣ ከዚያም በኦሮምኛ። ይንቀጠቀጣል ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ነበር፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። ስለ ስኳር የሚናገር ነበር የሚመስለው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግርማን ጠርቶ «አክስትህ አጥሯ ፈርሶባታል፣ ኮተቤ ሄደህ ሥራላት፤ ሰው እስክልክብህ እንዳትመለስ» አለው። ግርማ ምን አጥር ነው ሊል አፉን ከፈተ፣ የአባቴን ፊት ሲያይ ዘጋው። ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ መንገዱን ትቶ በማሳው መካከል ሄደ።

ግርማ ከዓይን ከጠፋ ብዙም ሳይቆይ እትዬ ጫልቱ አያንቱን አዝላ አጥሩ ዘንድ መጣች። አባቴን የምትጠራው በልጁ ስም ነበር፤ እሱም እሷን እንዲሁ።

«የግርማ አባት» አለችው፣ «ልጄን ልላከው ወይ?»

«መታወቂያ ነው ተብሏል፣ የለማ እናት።»

«የተባለውንማ ሰማሁ። እኔ የምጠይቀው አንተን ነው። ልጄ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወንዝ ለወንዝ ነው የከረመው። እንዳልልከው ካርዴን ይዘጉብኛል፣ ይቺን ምን ላብላት? እንድልከው ደግሞ ሆዴ ፈራ። አንተ ላኪው ካልከኝ እልከዋለሁ።»

አባቴ ቀና ብሎ ወደ ቦኖው ተመለከተ። አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ፣ እንስራ የሚሞሉትን ሴቶች እያየ ቆሟል። እኔም አየሁት። ሩቅ ነበር። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አትላኪው» ቢላት ሰውየው አይሰማም ነበር፤ ይህን ርቀት ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ በልቤ እንደለካሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

«ላኪው» አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ለማ ፊቱን ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ በደጃችን አለፈ። ቆም ብሎ «ግርማ ቀድሞኝ ሄደ እንዴ?» ሲል እናቴን ጠየቃት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ኮተቤ ሄዷል» አለችው፣ እንደምንም። ለማ ሳቀ። «ሰልፉ ሊያመልጠው ነዋ! በሉ ንገሩት» ብሎ እየሮጠ ሄደ። እናቴ ሁለት እርምጃ ተከተለችው፤ ከዚያ ቆመች።

ረፋዱ ላይ ሁለት ኡራል የጦር መኪናዎች ከአዳራሹ ጓሮ ወጡ። ሸራቸው ተዘግቶ ነበር፤ ውስጥ ያሉት ግን የእናቶቻቸውን ስም ይጠሩ ስለነበር መንደሩ ሁሉ ማን ማን እንዳለበት በድምፅ ለየ። ሴቶች ነጠላቸውን ጥለው ከመኪናዎቹ ኋላ ሮጡ። እትዬ ጫልቱ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሮጣ ወደቀች፤ ጉልበቷ ደምቶ፣ ፀጉሯ ተበትኖ ቀጥታ የመጣችው እኛ ቤት ነበር። እናቴ ጓዳ ገብታ ትንሰቀሰቅ ስለነበር ደጃፉ ላይ ያገኘችው እኔን ነው።

«ግርማ የት ነው?»

«አክስቴ ጋ፣ ኮተቤ።»

«አባትሽ መቼ ነው የላከው?»

ዐሥር ዓመቴ ነበር። እውነት መናገር እንጂ ሌላ ነገር አልተማርኩም። «ትናንት ነው» አልኳት፣ «እርስዎ አጥሩ ጋ ከመምጣትዎ በፊት።»

አባቴ በዚህ መካከል በግቢው በር ገባ። ድምፅ ማጉያው በትከሻው ላይ ነበር። እትዬ ጫልቱ አልጮኸችም፣ አልረገመችውም። መሬት ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችውና «እስቲ አሁንም የለማ እናት ብለህ ጥራኝ» አለችው። አባቴ ድምፅ ማጉያውን ከትከሻው አወረደ።

ኅዳር የመጣው በዝምታ ነው። ኅዳር ሲታጠን ሰው ቆሻሻውን ጠርጎ በየደጁ አቃጠለ፣ ጭሱ ማሳው ላይ ተኛ፤ ከዚያ በኋላ ግን አባቴ ለጽዳት ዘመቻ ሲጠራ የሚወጣ ሰው ጠፋ። ድምፁ ከታጠፈው መንገድ ሲሰማ በሮች ተራ በተራ ሲዘጉ እንሰማ ነበር። ሥራውን እንዲተው እናቴ ብትለምነውም ሊቀመንበሩ «ከተውክ ልጅህ የት እንዳለ እናውቃለን» ስላሉት አልቻለም። እኔም ትምህርት ቤት ብቻዬን እቀመጥ ነበር።

በዚያው ወር መንደራችን ኩፍኝ ገባ። የጤና ሠራተኞች የክትባት መድኃኒታቸውን በበረዶ ሣጥን ይዘው መጥተው ቦኖው አጠገብ ተቀመጡ፤ አባቴ ጠዋት ሙሉ ቢለፍፍ አንድም እናት ልጇን ይዛ አልወጣችም። ደግሞ ምን ሊወስዱ ነው፣ ተባለ። በማግስቱ ከእኛ በታች ያለው አናጢ ሕፃን ልጁ ሞተችበት። አባቴ ከቀብር ሲመለስ ድምፅ ማጉያውን የአንዷ ነርስ ጠረጴዛ ሥር አስቀምጦ፣ ባዶ እጁን በየደጁ መሄድ ጀመረ። ብዙዎቹ አልከፈቱለትም። በመጨረሻ እትዬ ጫልቱ አጥር ዘንድ ደርሶ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ከደጃችን ሆኜ አየው ነበር።

«ይቅር በዪኝ አልልሽም» አለ። «ያን ጊዜ ማየት ያልፈለግኩትን ነገር ሳላይ ነበር የተናገርኩት። ይሄን ግን አይቻለሁ። መድኃኒቱን አይቻለሁ፣ የአናጢውን ልጅም አይቻለሁ። አያንቱን አውጪያት።»

በሩ እንደተዘጋ ነበር። አባቴ አልሄደም፤ ፀሐዩ ላይ ቆሞ ቀረ። ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተና እትዬ ጫልቱ አያንቱን አዝላ ወጣች፣ እንደ ግንድ አልፋው ወደ ቦኖው አመራች። ሴቶቹ በአጥራቸው ቀዳዳ ሲያዩዋት ልጆቻቸውን እያነሱ አንድ ሁለት እያሉ ተከተሏት። «ለእሱ ብዬ አይደለም» አለቻቸው ጮክ ብላ፣ አባቴም እንዲሰማ። ያም ሆኖ ክትባቱ ለሁለት ቤት ልጆች ዘግይቶ ነበር፤ ኩፍኙ ቀደማቸው።

ግርማ ጤፉ ሲደርስ የሆነውን ሁሉ ከሰው ሰምቶ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ከኮተቤ መጣ። ከአባቴ ጋር አልተነጋገረም። ማጭዱን አንስቶ ወደ እትዬ ጫልቱ ማሳ ወረደና ብቻውን ያጭድ ጀመር። ሊወስዱት ይችሉ ነበር፤ እሱም የፈለገው ያንን ይመስለኛል። ግን ያን ሰሞን የቀበሌው የዘማች ኮታ ሞልቶ ነበርና ዝም አሉት። እትዬ ጫልቱ ደጇ ላይ ቆማ ታየዋለች እንጂ አታናግረውም ነበር። በሦስተኛው ቀን በቅል ውሃ አምጥታ ማሳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ዞር ሳትል ተመለሰች። ግርማ ውሃውን አንስቶ ጠጣና ማጨዱን ቀጠለ።

ከለማ ደብዳቤ አልመጣም። መንግሥት ተለውጦ የተበተነው ጦር በእግሩ ሲመለስ እትዬ ጫልቱ ለሳምንታት መንገድ ዳር ተቀምጣ የልጇን መልክ ለአላፊው ሁሉ ትናገር ነበር። «ጥርሱ ገጠጥ ያለ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ» ትላለች። አንዳንዱ ወታደር አዝኖላት አየሁት ይላታል፤ ግን አንዱ የሚለው ቦታ ከሌላው አይገጥምም ነበር። አባቴ ድምፅ ማጉያውን ለአዲሶቹ ሰዎች አስረክቦ ቤት ተቀመጠ፣ ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲዘምር አልሰማሁትም። ሲሞት እትዬ ጫልቱ ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ሦስት ቀን አስተዛዘነች። ስትሄድ እኔን ጠራችኝና «ሲሞት ምን አለ?» አለችኝ።

«ምንም አላለም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «እኔም አልጠየቅኩትም» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። እሷም ዐረፈች፣ ብዙ ሆናት።

ዛሬ ማሳው ላይ ፎቅ ተደርድሯል። ሰው ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል የሚለውን ሁሉ በስልኩ ያነባል፤ ማን እንደጻፈው አያውቅም፣ ለማወቅም አይፈልግም። እኔም የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማንም አይጠራውምና ረፋድ ድረስ ይተኛል፣ እግሩ ከአልጋው አልፎ ወለሉ ላይ ይንጠለጠላል። ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴ ላይ በልቤ ስፈርድ ለዓመታት ኖሬያለሁ፤ እንደ እኔ የፈረደበትም ሰው ያለ አይመስለኝም። አሁን ግን አንዳንድ ቅዳሜ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ሲተነፍስ እሰማውና፣ እትዬ ጫልቱ መጥታ ብትጠይቀኝ እኔስ ምን እላት ነበር ብዬ አስባለሁ። መልሱ ሲመጣብኝ አልወደውም። እግሩን አንስቼ አልጋው ላይ እመልስለትና፣ እንዳይነቃ ቀስ ብዬ እወጣለሁ።