ለአንድ ታብሌት ሲባል የቆዩ መስመሮች

ኦድቫር ቅር ያለውን ነገር ፊት ለፊት አይናገርም። ቴርሞሱን ከፍቶ ቡናውን ይቀዳና ወደ መስኮቱ ዞሮ ይጠጣል። ስድስት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ አብሬው ስሠራ፣ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ለምጄዋለሁ። ቦዶ ወደብ አጠገብ ባለችው ጠባብ ቢሯችን ድረ ገጽ እንሠራለን፤ ትልቁ ሥራችን ወደ ደሴቶቹ የሚመላለሱት ጀልባዎች የሰዓት ሰሌዳ ነው።

ከጠረጴዛው በላይ ያረጁ ስልኮችና ታብሌቶች የተደረደሩበት መደርደሪያ አለው። በአንዱ ብራውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ በሚከፍተው ፕሮግራም፣ ያማረ ገጽ በሌላው ሊፈርስ ስለሚችል፣ አንድ ገጽ በጨረስን ቁጥር አሥራ አንዱንም እያነሳ ይከፍታቸዋል። እኔ በራሴ ኮምፒውተር አየት አድርጌ ብድግ እላለሁ። እሱ ሁሉንም ሳያይ በወረቀት የጠቀለለውን ዳቦ አይፈታም።

«ይሄ ሙዚየም የሚዘጋው መቼ ነው?» እለዋለሁ።

«አንቺ ስታረጂ። አንቺንም እዛው ደርድሬሽ እሄዳለሁ።»

በዚህ ሥራ አንድ ደግ ነገር አለ። ብራውዘር የማያውቀው የትእዛዝ መስመር ሲያጋጥመው አይቆጣም፤ ዝም ብሎ ይዘለዋል። ስለዚህ አሮጌውን ትእዛዝ ከላይ፣ አዲሱን ከታች መጻፍ ነው። አዲሱ የገባው አዲሱን ይይዛል፤ ያልገባው በአሮጌው ያድራል። ኦድቫር እነዚያን አሮጌ መስመሮች ማንም እንዲነካበት አይፈልግም ነበር። እኔ ደግሞ ግሳንግስ አልወድም።

ምክንያቱን ያኔ አላውቅም ነበር፤ አሁን ስለማውቀው ልንገራችሁ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እናቱ እዚሁ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ስታጣጥር፣ ሊልቫር ደሴት ላይ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ለቶርላይፍ ደወለና «በዛሬው ጀልባ ድረስ» አለው። ቶርላይፍ፣ ኦድቫር ራሱ ለልደቱ የሰጠውን ታብሌት ከፍቶ ሰዓቱን አየ። ገጹን የሠራው ኦድቫር ነው፤ ያየው ግን በራሱ አዲስ ኮምፒውተር ብቻ ነበር። በታብሌቱ ላይ የዓርብና የቅዳሜ ዓምዶች ተደራርበው ነበር። ቶርላይፍ የቅዳሜውን ሰዓት ለዓርብ አንብቦ ወደብ ሲወርድ ጀልባዋ ሄዳለች። በማግስቱ ሲደርስ እናቱ አርፋለች።

ከቀብሩ በኋላ ቶርላይፍ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያንን ገጽ ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኦድቫር።

በቃ። ከዚያ ወዲህ ቶርላይፍ ስልክ አያነሳም፣ ደብዳቤም አይመልስም።

ገጹን የምናስቀምጥበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨራችን፣ ግን ገጹን ማን በምን ብራውዘር እንደከፈተ ይመዘግባል። በየቀኑ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሌላ ሰው እርግፍ አድርጎ የተወው አንድ ያረጀ ብራውዘር ብቅ ይላል። ኦድቫር ቢሮ ሲገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ መዝገቡን ያያል። ወንድሙ በሕይወት አለ፤ የጀልባ ሰዓት ያያል፤ ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣ ይሆናል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ናፍቆቱን ያስታገሠው በዚያች አንዲት ምዝገባ ነው።

«በየጠዋቱ የምታየው ምንድን ነው?» ስለው፣ «የአየሩን ሁኔታ» ይለኝ ነበር።

ኦድቫር ለፋሲካ እንደ አገራችን ሰው ሁሉ ወደ ተራራ ጎጆው ሄደ። የጀልባዎቹ ድርጅት ገጹ ከብዷል፣ ይቅለል ብሎ ጻፈልን። እነዚያ አሮጌ መስመሮች ለስንት ሰው እንደሚያገለግሉ ቆጠርኩ፤ ለአንድ። ለአንድ ሰው ሁለት መቶ መስመር! ጠራርጌ አጠፋኋቸውና ደስ ብሎኝ ብርቱካን እየላጥኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

ኦድቫር ማክሰኞ ተመለሰ። መዝገቡን አየ፤ ከነጃኬቱ ቁጭ አለ። ረቡዕም እንደዚያው። ሐሙስ ወደ ደሴቱ ሲደውል ዋለ። ዓርብ ጠዋት ከመስኮቱ ዞር ብሎ ታሪኩን ሁሉ ነገረኝ፤ ከዚያ «የሞተ ይመስለኛል፣ ሲቭ» አለኝ።

«መስመሮቹን አጥፍቻቸዋለሁ» አልኩት። «ምናልባት ገጹ ተበላሽቶበት መክፈት ትቶ ይሆናል።»

ቢሰድበኝ በተሻለኝ ነበር። «ምናልባት» ብቻ ብሎ በመጀመሪያው ጀልባ ወደ ሊልቫር ተሳፈረ። የቀዳው ቡና ሳይነካ ቀረ።

እሱ ከሄደ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አንድ ሽማግሌ በሩን ከፍቶ ገባ። በፌስታል የያዘውን ታብሌት አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ዓርብና ቅዳሜ ተደራርበዋል።

«ደግሞ ተደራረበ» አለኝ። «ያኔ አኩርፌ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ሌላው ሰው እናቱን እንዳያጣበት ብዬ ነው። ሰዓቱን ማንበብ ቢያቅተኝ በጎረቤቴ የዓሣ ጀልባ መጣሁ።»

አገጩ የኦድቫር አገጭ ነው። «እርስዎ ቶርላይፍ ነዎት» አልኩት። «ኦድቫር እርስዎን ፍለጋ ሊልቫር ሄዷል። ገጹን ያበላሸሁትም እኔ ነኝ፤ እሱ ለእርስዎ ብሎ ዘጠኝ ዓመት ጠብቆት ነበር።»

መደርደሪያው ላይ የራሱን ታብሌት የመሰለ አየና አነሳው። «ለኔ ሲገዛ ለራሱም ገዝቶ ነበር እንዴ?»

«ከእናታችሁ ቀብር በኋላ ነው የገዛው። ገጹ እርስዎ ዘንድ ምን እንደሚመስል ለማየት።»

ሰውዬው የኦድቫር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስልኬ ጠራ፤ ኦድቫር ነው።

«ቤቱ ተዘግቷል» አለኝ። «ጎረቤቱም የለም።»

«ወንበርህ ላይ ተቀምጧል።»

«እንዳይነቃነቅ በይው፤ መጣሁ» አለ።

ቶርላይፍ ደግሞ ተነስቶ ካፖርቱን እየቆለፈ ነው። «እዛው ይጠብቀኝ በይው፤ እኔ እመጣለሁ።»

«ሁለታችሁም ከተነሳችሁ ባሕር ላይ ትተላለፋላችሁ» አልኩ ተቆጥቼ። «እባክዎ ይቀመጡ።»

ተቀመጠ። አሮጌዎቹን መስመሮች በየቦታቸው መለስኳቸው። ቶርላይፍ ገጹን እንደገና ሲከፍተው ዓምዶቹ ተለያዩ፤ ዓርብን በጣቱ እየተከተለ ወደ ታች ወረደ።

«ከሊልቫር ተነስቶ እዚህ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይደርሳል» አለ።

«በየቀኑ ሰዓቱን እንደሚያዩ መዝገባችን ያሳየው ነበር፤ ይዋል ይደር እንጂ ይመጣሉ ብሎ ያስብ ነበር» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ የማየው ከዚህ ወደኛ የሚመጣውን ነበር። ዛሬ ይመጣ ይሆን እያልኩ።»

ታብሌቱን ፌስታል ውስጥ ከትቶ ወደ በሩ ሄደ። ጀልባዋ ልትደርስ ገና ሁለት ሰዓት ይቀራታል፣ ውጭውም ይበርዳል አልኩት።

«ይብረደኝ» አለ። «ይቺኛዋን ጀልባ እንኳ ቀድሜያት ልገኝ።»