ነብሩ በር ላይ የቆመበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ ከሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄዬን መዋጥ ነበር። ጨረቃ ለምን እንደምትከተለን፣ ቄሱን በቅዳሴ መሐል ቢያስነጥሳቸው ጸሎቱ እንደገና ይጀመር እንደሆነ፣ ድመታችን ዓርብ ዓርብ አይጥ ብትበላ ኃጢአት ይሆንባት እንደሆነ፣ ሁሉንም እጠይቅ ነበር። እናቴ ሲደክማት «ስመኝ፣ ምነው አንቺ ልጅ ምላስሽ አያርፍም?» ትለኛለች። አባቴ ግን አንድም ቀን ዝም በይ ብሎኝ አያውቅም። «ሸጋ ጥያቄ ናት፤ ማታ እናያታለን» ይልና ያሳድራታል።

ማታ ማለት ለእኛ ተረት ማለት ነበር። የምንኖረው ጎንደር ውስጥ፣ ከአራዳ ወደ ላይ በምትወጣው ጠባብ መንገድ፣ ከደብራችን ቅጥር ጀርባ ባለች የጭቃ ቤት ነው። አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነበር፤ በበዓል ማሕሌቱን የሚመራው እሱ ነው፤ ድምፁ ከቅጥሩ አልፎ ታች ገበያው ድረስ ይሰማል ይባልለት ነበር። ያኔ ክረምት ከገባ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር፣ እናቴ ኩራዟን ትለኩስና አራታችንም ምድጃው ዳር እንሰበሰባለን። የባሕር ዛፉ ፍም ሲንጣጣ፣ የኩራዟ ጭስ ወደ ጣሪያው ሲሳብ፣ የዝናቡ ድምፅ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ትዝ ይለኛል። ታናሽ እህቴ እናኑ ገና ሦስት ዓመት የሞላት፣ ቃል የምትሰባብር ሕፃን ነበረች፤ ቦታዋ የአባቴ ጭን ላይ ነው።

ተረቱ ግን ዝም ብሎ አይጀመርም። አስቀድሞ እያንዳንዳችን በዋልንበት ቀን ስላገኘነው አንድ ነገር ተመስገን ማለት ነበረብን። እናቴ ብዙ ጊዜ ስለ ጤናችን ትላለች። እኔ ሌላ ሰው ያላሰበውን ለማግኘት ስፈልግ እውላለሁ። እናኑ ደግሞ ዓይኗ ያረፈበትን ታነሣለች፤ «ስለ ዶሮዋ እግር ተመስገን» ያለችበት ቀን እናቴ ሳቋን መግታት አቅቷት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

አንድ ቀን «አባባ፣ መጥፎ ነገር ሲመጣም ተመስገን ይባላል?» ብዬ ጠየቅሁት።

አባቴ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሰ አሰበ። «ይችስ ከባድ ናት። ሳድግ እመልስልሻለሁ» አለኝ።

«አንተ እኮ አድገሃል!»

«አንቺ እንደዚያ ይመስልሻል» አለና ተረቱን ቀጠለ።

በዚያው ክረምት ነው ነገሩ የሆነው። አባቴ የተወለደው ድብ ባሕር ነውና ተረቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ አገር ገደልና መንገድ ላይ የሚሆኑ ነበሩ። በዚያ ምሽት የጀመረልን ስለ አንዲት እናት ነው። ሴትዮዋ ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆቿን ይዛ ከአዲ አርቃይ ወደ ደጋው ስትወጣ መሸባት፤ ጭጋጉም መንገዱን ሰወረባት፤ ሰው የተዋት አንዲት ጎጆ አገኘችና ገብተው በሯን በእንጨት ደገፉት። ከዚያ ነብር መጣ። አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነብሩም በሩ ላይ ቆመ። አፍንጫውን በሳንቃው ስንጥቅ አስገባና…» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቃል አልወጣም። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። ድምፁ ከፋሲካ ወዲህ ይሻክረው ነበር፤ ብርድ ነው እየተባለ ዝንጅብልና ማር ይጠጣ ነበር። እኛ ግን ይህን ከተረቱ ለይተን አላየነውም። ነብሩን እየሆነልን መስሎን እናኑ በደስታ ጮኸች፤ እኔም ወደ እናቴ ቀሚስ ሸሸሁ። ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑን ያወቅሁት ከእናቴ ነው፤ ቀሚሷን ከእጄ አስለቅቃ ብድግ አለች። «መሪጌታ? ምነው?» አለችው። ውሃ ሰጠችው፤ ጠጣ፤ እንደገና ሞከረ። ከዚያ እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ፈገግ አለልን። ያ ፈገግታ እኛ እንዳንፈራ የተደረገ መሆኑ የገባኝ ራሴ ልጅ ከወለድሁ በኋላ ነው።

ሐኪም ቤት ጉሮሮው ውስጥ እባጭ አገኙበትና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ክፉ በሽታ አለመሆኑን ነገሩን። ድምፁ ግን ይመለስ አይመለስ ሐኪሙም አላወቀም፤ ቁስሉ እስኪሽር ድረስ በሹክሹክታ እንኳ ትንፍሽ እንዳይል አዘዘው። አባቴ ወደ ቤት ሲመለስ አንገቱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። ደብሩ ለጊዜው ሌላ መሪጌታ አቆመ። እናቴ ገበያ ወጥታ በርበሬና ሽሮ መሸጥ ጀመረች። ጎረቤታችን አያ ታከለ የተፈለጠ እንጨት ደጃችን ላይ ጥለው፣ ምስጋና እንዳይሰሙ ፈጥነው ይሄዱ ነበር።

እኔ ታዲያ በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ልብ አልሁ። ሰው ጠዋት «እንደምን አደራችሁ?» ሲላት እናቴ «ደህና ነን» ብላ ታቆማለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» የምትለው ጠፍቷል። መጀመሪያ ረስታው መሰለኝ። ከዚያ ሆን ብዬ ማድመጥ ጀመርሁ። በር ላይ፣ ውሃ መቅጃው ጋ፣ ገበያ መንገድ ላይ ቀሚሷን ይዤ እየተከተልሁ የምትመልሰውን እሰማለሁ። «ደህና ነን።» በቃ። ሰው እንዴት ከለመደው ቃል ይለያል? ቃሉስ የት ይሄዳል? ይህን ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም ነበር፤ የሚመልስልኝ ሰው አፉ ተዘግቷል።

አንድ ቀን የነፍስ አባታችን ሊጠይቁን መጡ። አባቴ ተኝቶ ነበር። እኔ ከበሩ ኋላ ተለጥፌ ቆምሁ።

«ትርንጎ ልጄ፣ ተመስገን በይ እንጂ፤ ነፍሱ ተርፋለች» አሏት።

«አባ፣ እግርዎ ሥር ነኝ፤ እሱን ብቻ አይዘዙኝ» አለች እናቴ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። «ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ ድምፅ ያመሰገነው ማንን ነው? እጁን ቢወስድበት ምናለ? እግሩን ቢወስድበት ምናለ? ምነው ያንኑ?»

«እኔም አላውቅ» አሏት ቄሱ። መስቀላቸውን አሳለሟትና ሄዱ። ያኔ ቄስ አላውቅም ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ በጣም ገረመኝ፤ ደግሞም ደስ አለኝ።

ምሽቶቹ ከበዱ። መብራት ይጠፋል፤ ኩራዟ ትበራለች፤ እንሰበሰባለን። ግን የሚያወራ የለም። እናቴ ለነገ ገበያ የምትወስደውን በርበሬ ትቀነጥሳለች፤ አባቴ ፍሙን ይመለከታል። እኔ ተመስገን እንበል ለማለት እናቴን ፈራሁ፤ ተረት ንገረን ለማለት አባቴ አሳዘነኝ። ዝናቡ ብቻ ያወራል።

እንዲህ ባለ ምሽት፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው፣ እናኑ ከአባቴ ጭን ላይ ራሷን ቀና አድርጋ በሩን አየች።

«አባባ፣ ነብሩ አሁንም በር ላይ ነው?» አለች።

አባቴ ግራ ገብቶት አያት፤ ከዚያ አስታወሰ። ራሱን ነቅንቆ አዎ አላት።

«አይበርደውም?»

አባቴ ትከሻውን ሰበቀ።

እናኑ ከጭኑ ወረደች። ምድጃው ፊት ቆመችና አባቴ ተረት ሲጀምር እንደሚያደርገው ጉሮሮዋን ጠራረገች። «እናትየዋ በሩን ከፈተችለት» አለች። «ግባ፤ እግርህን ጥረግ አለችው።»

ይህ እናቴ በክረምት በቀን ስንት ጊዜ የምትለን ነገር ነው። የእናቴ እጅ በርበሬው ላይ ቆመ።

«ነብሩ እግሩን ጠረገ። አንዱን ጠረገ። ሌላውንም ጠረገ። ኋላኛውንም ጠረገ። እናትየዋ ሽሮ ሰጠችው። ሥጋ የለም ወይ? አላት። ጾም ነው አለችው። እሺ አለ። በላ። ከዚያ ተኛ።»

«ከዚያስ?» አልሁ ሳላስበው።

«አንኮራፋ» አለች እናኑ፤ አንኮራፋችም። የአባቴን ማንኮራፋት ነበር፤ መሐል ላይ የሚያቋርጠውን፣ ሰው ሞተ እንዴ ከተባለ በኋላ በፉጨት የሚመለሰውን፣ ምንም ሳታስቀር።

የአባቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እናቴ ሰፌዱን ጥላ ብድግ አለች፤ እኔም ያመመው መስሎኝ ልጮህ ነበር። እጁን ስታነሣው ግን ይስቅ ነበር። ድምፅ የሌለው ሳቅ፣ እንባው በጉንጩ እስከ ፋሻው የሚወርድ፣ ሰውነቱን ሁሉ የሚያርገፈግፍ ሳቅ። እናቴ አየችው፤ ማንኮራፋቷን ያላቆመችውን እናኑን አየች፤ በርበሬ የተበተነበትን መደብ አየች። ከዚያ ከሆዷ የመጣ፣ ከሐኪም ቤት ወዲህ ያልሰማነው ሳቅ ፈነዳባት። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ወይ ጉዴ! ተመስገን፣ ተመስገን…» አለች እየሳቀች።

«እማ፣ አልሽው!» ብዬ ጮኽሁ።

«ምኑን?»

«ተመስገን አልሽ!»

ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። በመዳፏ አፏን ነካች፤ ከዚያ የወጣ ነገር ካለ ልትይዘው የፈለገች ትመስል ነበር። አባቴን አየችው። እሱ ግን ዓይኑን ወደ ፍሙ መለሰ፤ በራሱም በእጁም ምንም አላላትም። ለእሷ ተወላት። እናቴ የተበተነውን በርበሬ መልቀም ጀመረች። «ምላስ ነው» አለች ለማንም ሳይሆን። «የለመደውን ያወራል።»

በማግሥቱ ጠዋት አያ ታከለ በደጃችን ሲያልፉ «እንደምን አደራችሁ?» አሏት። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ትንፋሼን ያዝሁ። «ደህና ነን» አለችና አቆመች። አያ ታከለ መንገዳቸውን ጀምረው ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ከኋላቸው፣ ዝግ ብላ፣ ዕቃ ለባለቤቱ እንደምትመልስ ሰው።

ከዚያ ወዲህ ተራኪዎቹ እኛ ሆንን። አባቴ ደስ ሲለው ወለሉን በጣቱ ያንኳኳል፤ ስናጋንን ቅንድቡን ያነሣል። መስከረም ጠብቶ ሐኪሙ ሞክር ባለው ቀን ሁላችንም ምን እንደሚል ለመስማት ጓጉተን ዙሪያውን ከበብነው። እኔ ተመስገን የሚል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ስማችንን ጠራ። «ስመኝ። እናኑ።» ድምፁ እህል በወንፊት ሲወርድ እንደሚሰማው ያለ፣ ቀጭንና ሻካራ ነበር። ከዚያ ወደ ማድቤቱ ዞሮ «ትርንጎ» አለ። እናቴም ትናንት የጠራት ይመስል ከዚያው ሆና «አቤት!» አለች። የጠራት እሱ መሆኑ የገባት ግን ዘግይቶ ነው፤ ሊጥ በያዘ እጇ ሮጣ መጣች።

የነብሩን እውነተኛ መጨረሻ ጠየቅሁት። «የእናኑ ይሻላል» አለኝ። ስንት ዓመት ብወተውተው ከዚያ በላይ አልነገረኝም።

ማሕሌት ግን ዳግመኛ አልመራም። ከሊቃውንቱ መሐል መቋሚያውን ይዞ ይቆማል፤ ከንፈሩ ከሌሎቹ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ግን ከአጠገቡ ላለው ሰው ብቻ ነው የሚሰማው። ያስቆጨው እንደሆነ ለማወቅ በበዓል ቀን ሁሉ ፊቱን አጠናው ነበር። አንዳንዴ ያስቆጨው ነበር። ቀለም የሚቆጥሩ ልጆችን ግን ግቢያችን ውስጥ ሰብስቦ እስከ ዕለተ ሞቱ አስተማረ፤ ልጆቹ ሊሰሙት ስለሚፈልጉ እላዩ ላይ ተደርበው ይቀመጡ ነበር።

አባቴ ካረፈ ቆየ። እናኑ አዲ አርቃይ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። እኔ እዚሁ ጎንደር ሁለት ሴቶች ልጆች አሳድጋለሁ፤ እናቴም ከእኛ ጋር ናት። ከአባቴ ተረቶች ብዙዎቹን ረስቻቸዋለሁ፤ ለልጆቼ ልነግራቸው ስጀምር መሐል ላይ ይጠፉብኛል። ሳይጠፋ የቀረው የዚያ ክረምት ዝምታ ነው፤ አባቴ እናቴን በኩራዟ ብርሃን አለማየቱ፣ ጊዜዋን ለእሷ መተዉ።

ባለፈው ሰሞን እናቴ የትልቋን ልጄን ፀጉር ስትሠራ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበርና ያን ጊዜ አንሥቼ፣ «እማ፣ እውነት ግን እምነትሽን ትተሽው ነበር?» አልኋት።

«ምኑን ነው የምተወው?» አለች ዓይኗን ከሹሩባው ሳታነሣ። «ተኳርፈን ነበር እንጂ።»

ልጄ ዞር ብላ ቀና አለች። «አያቴ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ይኳረፋል?»

እናቴ ማበጠሪያውን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ታዲያ ከማን ጋር ልኳረፍ? ባዳን ማን ያኮርፋል?» አለችና የልጅቷን አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ፊት መለሰችው። «አንገትሽን አቅኚ፤ ይጣመምብኛል።»