የአምለሰት ባለ አንድ እጀታ ሣጥን

አምለሰት ፍኖተ ሰላም ውስጥ የውሃ ሞተርና ዲናሞ መጠገን ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ሱቋ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ የሚፈልጋት ያውቃታል። ትሑት ሰው አይደለችም። ዕቃ የተበላሸበትን ሰው ትታገሣለች፤ ከመነሻው ተበላሽቶ የተሠራን ዕቃ ግን አትታገሥም። ፈትታ ካየችው በኋላ “ይህን የሠራው ሰው ሊሸጠው እንጂ ሊጠቀምበት አላሰበም” ብላ ጠረጴዛው ላይ ትወረውረዋለች።

እኔ ቡሬ ዙሪያ ባለ አንድ ቀበሌ የግብርና ሠራተኛ ነኝ። ከእሷ ጋር ያገናኘን የአንድ ፕሮጀክት ሞኝነት ነው፤ ከሞኞቹም አንዱ እኔ ነበርሁ።

ፕሮጀክቱ በፈጠም ወንዝ ዳር በመስኖ ለሚያለሙ ሠላሳ ገበሬዎች በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ አመጣ። ፓምፑን የሚያዝዘው አንድ ሣጥን ነው። መሬት ውስጥ በተቀበሩ ዘንጎች የአፈሩን እርጥበት ይለካል፤ መቼና ምን ያህል ውሃ እንደሚያስፈልግም ራሱ ይወስናል። ሐሳቡ መልካም ነበር። ፊቱ ላይ ግን በጣት የምትነካ፣ መዳፍ የምታህል ስክሪን ለጥፈውበታል፤ አሥራ አራት ገጽ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ።

አሸናፊ የሚባል ኢንጂነር መጥቶ ቡሬ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሁለት ቀን አሠለጠነን። ግድግዳ ላይ ሥዕል እያሳየ “ይህ ወደ ፊት የሚያይ ቴክኖሎጂ ነው” ይላል፤ እኛ እናጨበጭባለን። ለሥልጠናው የመጣው ሣጥን አንድ ነበር፤ እሱንም አሸናፊ ከእጁ አላወጣውም። ከሠላሳው ገበሬ አንድም ሰው ስክሪኑን ሳይነካ ሁላችንም ሠለጠናችሁ ተብለን የምስክር ወረቀት ተሰጠን። የእኔ አሁንም ቤቴ አለ፤ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ።

የካቲት ላይ ፓምፑ ቀጥ አለ። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ እህተ ማርያም አስጠሩኝ። ብቻቸውን ማሳቸውን የሚያለሙ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሴት ናቸው። ሽንኩርቱ ራስ መያዝ የጀመረበት ጊዜ ነበር። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቀይ ጽሑፍ አነበብሁላቸው። “መለኪያው ይስተካከል” ይላል።

“እንዴት አድርጎ ነው የሚስተካከለው?” አሉኝ።

እሱን አይልም። አሸናፊ ጋ ደወልን፤ ስብሰባ ላይ ነው። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ነው። ወንዙ ከእግራችን ሥር እየፈሰሰ ሽንኩርቱ ዘጠኝ ቀን ተጠማ፤ ቅጠሉ ከጫፉ ደርቆ መሬት ላይ ተኛ። በአሥረኛው ቀን ፍኖተ ሰላም ሄጄ አምለሰትን ይዣት መጣሁ።

ሣጥኑን ፈትታ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ተከተለች። “አእምሮው ጎበዝ ነው” አለች በመጨረሻ። “ውስጡን የሠሩትና ፊቱን የሠሩት ሰዎች ተገናኝተው አያውቁም። ፊቱን የሠራው ሽንኩርት ያየው ወጥ ውስጥ ነው።” ችግሩ ከዘንጎቹ የሚመጣ ሽቦ የዛገ ጫፍ ሆኖ ተገኘ። ፍቃ ስታስረው ውሃው መጣ። “ግን ፊቱ ካልተቀየረ ነገም ይቆማል” አለች። እህተ ማርያም “ቀይሪዋ” አሏት። ማንንም አላስፈቀዱም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስክሪኑን አውጥታ በምትኩ ስድስት ቁልፍና ባለ ቀለም መብራቶች ገጥማ፣ በአማርኛ ጽፋበት መጣች። ደስ ብሏት ነበር። እህተ ማርያም ቦይ ሲከፍቱ ቆይተው እጃቸው እስከ ክንዳቸው ጭቃ ሆኖ ደረሱ።

“መብራቱ በርቷል ወይስ ጠፍቷል?” ሲሉ ጠየቁ። ቀትር ነው፤ ፀሐዩ ሣጥኑ ላይ ያርፋል።

“በርቷል፣ እትዬ።”

“ለማን ነው የበራው?” ጭቃ የሆነ ጣታቸውን አንሥተው ቁልፎቹን ቆጠሩ። “እነሱ አሥራ አራት፣ አንቺ ስድስት። አንቺም ያው የእነሱ ወገን ነሽ።”

አምለሰት ፊቷ ደም መሰለ። ሰው ስትንቅበት የኖረችውን ነገር ራሷ ሠርታው ቆማለች። መፍቻዎቿን ሰብስባ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ተመልሳ ስትመጣ ግን መፍቻ እንኳ አልያዘችም። ሦስት ጠዋት ማሳው ዳር ተቀምጣ ሰዎቹን ብቻ አየች። አንድ እጃቸው ዶማ ይይዛል፤ ሌላው ጭቃ ነው። ማወቅ የሚፈልጉትም ጥቂት ነው፦ ይሠራል? ላቁመው? አሁኑኑ ላጠጣ? ከዚያ ክንድ የሚያህል አንድ የብረት እጀታ ገጠመች። ወደ ታች ሲሆን ይቆማል፤ መካከል ላይ ሣጥኑ ራሱ ይወስናል፤ ወደ ላይ ሲሆን ወዲያው ያጠጣል። ሲበላሽ ደግሞ ቀይ ቆርቆሮ ከጎኑ ዱብ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ከማሳው ማዶ ይታያል። አእምሮው እንዳለ ነው፤ አንዲት ሽቦ አልቀነሰችበትም።

እህተ ማርያም እጀታውን በክርናቸው ገፉት። ውሃው መጣ። ዶማቸውን አንሥተው ወደ ቦያቸው ሄዱ። አምለሰት እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ግንቦት ላይ አሸናፊ እንግዶች አስከትሎ መጣ። እኔም አምለሰትን ጠርቻት ነበር።

“ይህ ብረት ምንድን ነው? ስክሪኑስ?” አለ አሸናፊ።

“ሱቄ አለ። ከፈለጉት እልክልዎታለሁ” አለችው።

“እህቴ፣ ይህ ወደ ኋላ መመለስ ነው! የእኛ እኮ ወደ ፊት የሚያይ ነበር።”

እህተ ማርያም ነጠላቸውን አስተካከሉ። “እውነትዎን ነው ጌታው። ወደ ፊት ሲያይ ፊቱ የቆመውን ሰው ሳያየው ቀረ።”

እንግዶቹ ሳቁ። አሸናፊም አብሮ ሳቀ፤ ነገሩ ለማን እንደተባለ አልገባውም። ከመኪናው ሌላ ባለ ስክሪን ሣጥን አውርዶ ሊያሳያቸው ተንበረከከ። ፀሐዩ ስክሪኑን መስተዋት አደረገበት። ኮቱን አውልቆ ራሱን ከነሣጥኑ ሸፈነ፤ ከኮቱ ሥር “አንድ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ” ይላል፤ እንግዶቹ ከወገቡ በታች ያለውን እያዩ ቆመዋል። እህተ ማርያም እጀታውን ወደ ላይ አሉት፤ ውሃው ቦዩን ሞልቶ ወረደ፤ ሰው ሁሉ ወደዚያ ሄደ።

አሸናፊ ከመሄዱ በፊት እጀታውን ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አነሣው። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ ወደ አዴትና ፈረስ ቤት አካባቢ የሄዱት አዲስ ሣጥኖች ሁሉ እጀታ ነበራቸው። የአምለሰት ስም የትም የለም። ከእጀታው በላይ ደግሞ ስክሪን መልሰው ለጥፈዋል፤ ገበሬዎቹ በላስቲክ ጠቅልለው ትተውታል።

ትናደዳለች ብዬ ሱቋ ሄጄ ነገርኋት። ከያዘችው ሞተር ላይ ቀና አላለችም።

“እጀታውን አላሳነሱትም?”

“አላሳነሱትም።”

“በክርን ይገፋል?”

“ይገፋል።”

“እንግዲያው ስክሪኑን ራሳቸው ይዩት” አለችና፣ ብሎኑን እንዳቀብላት እጇን ዘረጋች።