ከመድኃኒቱ ጋር ያልገባው ወረቀት

ባጃጅ ስጠብቅ ሁለት ሰዎች መጥተው መታወቂያዬን ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። እስካሁን አልመለሱልኝም።

የወሰዱኝ ከጎንደር ወጣ ብሎ፣ ከወለቃ ወዲያ ወዳለ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ እግራቸውን ወደ መሐል ዘርግተው ተቀምጠዋል። አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ሰበሰቡና ክፍተቷን በእጃቸው አሳዩኝ።

“ግባ ልጄ። እዚህ ሸጋ ነው፤ ንፋስ አይመታህም።”

ሽማግሌው የቅኔ መምህር ናቸው። ሁላችንም የኔታ እንላቸው ነበር። የታሰሩት ቤታቸው ለገቡ የታጠቁ ሰዎች እንጀራ ሰጥተዋል ተብለው ነው። ሲመረመሩ “ሰጥቻለሁ” አሉ። “ደጄን የረገጠውን ሁሉ አበላለሁ። እናንተም መጥታችሁ በልታችኋል።” ይህ ሁለተኛው ንግግራቸው በቃላቸው ላይ አልተጻፈም።

የምተርከው ስለ አንድ ቀን ነው። ሁዳዴ ነበር። የየኔታ የቀኝ መንጋጋ ጥርስ መግል ቋጥሮ ጉንጫቸው አብጧል። በሳምንት አንዴ የሚመጣው የጤና ባለሙያ መድኃኒት አዘዘ፤ ልጃቸው ከከተማ ገዝታ አመጣች። በር ላይ የሆነውን ኋላ እሷው ነገረችኝ። በዚያ ቤት ማንኛውም ጽሑፍ ወደ ውስጥ አይገባም። በሶ የተጠቀለለበት ጋዜጣ እንኳ ተገፎ ይቀራል። ጠባቂው የመድኃኒቱን ካርቶን ቀደደ፤ በውስጡ የታጠፈውን ወረቀት አውጥቶ ጣለ። የመድኃኒቱ ስም ማሸጊያው ላይም ስለታተመ፣ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ፈልቅቆ በፌስታል ቋጠራቸው። እኛ ዘንድ የደረሰው ስም የሌለው፣ ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ እንክብል ነው።

ከእኛው ጋር የታሰረ አንድ የእንፍራንዝ ሹፌር አንዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣት።

“የኔታ፣ ይቺ እኮ ባንዲራ ናት። አረንጓዴውን በር ላይ ነጥቀዋት ነው።”

“ዝም በል አንተ! ሳቅ ጥርሴን ያመኛል” አሉ የኔታ፣ ጉንጫቸውን ይዘው እየሳቁ።

በየስምንት ሰዓቱ አንድ እንዲውጡ ነበር የታዘዘው። እሳቸው ግን ጾም ላይ ናቸው። የጠዋቱን አለፉት፤ የቀኑንም አለፉት። “የታመመ ሰው ይፈቀድለታል” ብንላቸው፣ “ይህን ለሌላው የምነግር እኔ ነኝ፤ ለራሴ አልፈቅድም” አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያለፉትን ለማካካስ ሁለቱን ባንዴ ዋጡ።

በሶ መቅመስ ጀምረው ነበር። መጀመሪያ መዳፋቸውን አከኩ፤ ቀጥሎ አንገታቸውን። ነጠላቸውን ሲገልጡ ሆዳቸው ላይ ሳማ የለበለበው የሚመስል ሽፍታ ወጥቷል። ሹፌሩ “በባዶ ሆድ ሁለት ስለዋጡ ነው፤ ይብሉበት” አለ። እኔ ጥያቄ ጀመርኩ፤ ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

“የኔታ፣ ከዚህ በፊት መድኃኒት ጎድቶዎት ያውቃል?”

አሰቡ። “ዛሪማ ሳለሁ ድሬሰር ፔኒሲሊን ወግቶኝ ደጁ ላይ ወድቄያለሁ። አርባ ዓመት አልፎታል። ይህ ግን መርፌ አይደል።”

አሞክሲሲሊን የሚባለው ቀይና ቢጫ እንክብል የፔኒሲሊን ወገን መሆኑን አውቅ ነበር። በፌስታሉ ውስጥ ያለው እሱ ስለመሆኑ ግን ማረጋገጫ አልነበረኝም። እንደሱ ዓይነት ቀለም ያለው ሌላም ይኖራል። በሩን ደበደብኩ።

“ምንድን ነው?” አለ ጠባቂው።

“የመድኃኒቱን ስም ንገረን። ካርቶኑ ላይ አለ።”

“ጽሑፍ ክልክል ነው።”

“አንብበህ ንገረኝ ነው ያልኩህ።”

“ያው ነው።”

የየኔታ ከንፈር ወፈረ። የግራ ዓይናቸው ተከደነ። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚመጣ መሰለ። አሥራ ዘጠኛችንም በሩን መደብደብ ጀመርን። በመጨረሻ የዕለቱ አዛዥ መጣ፤ የጤና ባለሙያውም ተጠርቶ፣ ፎርም ይዞ ከኋላው። አዛዡ የየኔታን ፊት አየና ወደ ባለሙያው ዞረ።

“መድኃኒቱን ያዘዝክለት ለእብጠት አይደል?”

“አዎ።”

“ይኸው አብጧል። ይጨመርለት።”

ባለሙያው ወለሉን ያይ ነበር። የመድኃኒቱን ስም ብጠይቀው ወደ አዛዡ ዞረ። ከአዛዡ በኋላ መናገር የለመደ አይመስልም።

“የታመመው ጥርስ በቀኝ ነው” አልኩ። “ያበጠው ዓይን በግራ ነው። ሽፍታው ሆዳቸው ላይ ነው። ጥርስ ሆድ ላይ አይወጣም።”

“አንተ ሐኪም ነህ?”

“ጋዜጠኛ ነኝ።”

“እሱንማ እናውቃለን” አለ፤ ጠባቂው ሳቀ። አዛዡ ከፌስታሉ አንድ እንክብል አውጥቶ ለየኔታ ዘረጋ። “አንተ ሽማግሌ፣ ዋጥ። ካልዋጥክ የሕክምና አድማ ነው። በአድማ ትጠየቃለህ።”

የልጅ ልጅ ያየውን ሰው፣ መተንፈስ ያቃተውን ሰው፣ አንተ አለው።

የኔታ ተነሡ። ግድግዳውን ይዘው ነው የተነሡት። እንክብሏን ተቀብለው ሹፌሩ መዳፍ ላይ አኖሯት።

“አልውጥም። ጻፉት።”

አዛዡ ፎርሙን ከባለሙያው ወስዶ “መድኃኒት አልቀበልም ብሏል” ብሎ ሞላ። የቀለም ፓዱን ከፈተ። ባላገር መስለውት አውራ ጣት ሊያስነካቸው ነው። የኔታ ጣታቸውን አልሰጡትም፤ እጃቸውን ለእስክሪብቶው ዘረጉ። ባለሙያው የራሱን ሰጣቸው። በዚያ ቀን በራሱ ፈቃድ ያደረገው የመጀመሪያው ነገር ነው።

በዚያ ያበጠ እጅ ፊደላቸው አልተዛነፈም። “በዘጠኝ ሰዓት ሁለት ፍሬ ዋጥሁ። ከዚያ ገላዬ ሽፍታ አወጣ፣ ከንፈሬ አበጠ፣ ትንፋሼ አጠረ። ቀድሞም ፔኒሲሊን ጥሎኛል። ሦስተኛውን የተውሁት ስለዚህ ነው።” ስማቸውን ጻፉ። ከሥሩ “ያዘዘው” ከሚለው ቃል ፊት ለፊት የባለሙያው ስም ነበር።

ባለሙያው አነበበው። ደግሞ አነበበው።

“ጌታዬ፣ ይህ ከተጻፈ በኋላ እዚህ ቢሞቱ ተጠያቂው እኔ ነኝ” አለ። “ማኪና ይዘዙ። አሁን።”

አዛዡ ማኪና አዘዘ። ያበጠ ፊት፣ የታፈነ ድምፅ፣ የሚደበደብ በር ያላንቀሳቀሰውን ሰው አንድ ወረቀት አንቀሳቀሰው። የኔታን ሁለት ጠባቂዎች ደግፈው ወሰዷቸው።

በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። የፊታቸው እብጠት ጎድሏል። ሆስፒታሉ ውስጥ መርፌ እንደወጓቸውና ትንፋሻቸው እንደተመለሰ፣ ጥርሱም እንደተነቀለ ነገሩን። ሐኪሙ የጎዳቸው አሞክሲሲሊን መሆኑን በካርድ ጽፎ “ከአንገትዎ አይለዩት” ብሏቸው ነበር። ካርዱን በር ላይ ወሰዱባቸው። ጽሑፍ ነው።

የኔታ አልተከራከሩም። ቦታቸው ላይ ተቀምጠው፣ “ኑ ቀረብ በሉ” አሉን። ደቀ መዛሙርታቸውን እንደሚያስጠኑት፣ እሳቸው እያሉ እኛ እየተቀበልን፣ ያለ መጽሐፍ በቃል።

“አሞክሲሲሊን።”

“አሞክሲሲሊን።”

“ፔኒሲሊን የጣለው ሰው አይውሰደው።”

ተቀበልን።

“ሆድ ቢያላላ፣ ቢያቅለሸልሽ፣ ለሐኪም ይነገር። ገላ ቢያሳክክ፣ ከንፈር ቢያብጥ፣ ትንፋሽ ቢያጥር፣ ሌላ ፍሬ አይዋጥ፤ ፈጥኖ ሐኪም ይጠራ።”

ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። “ምነው አንተ? ማርሽ መቁጠር አይደለም!” ብለው እንደገና አስጀመሩት። ጠባቂው በሩን ከፍቶ “ምን እያደረጋችሁ ነው?” አለ። “እየተማርን” አሉት የኔታ፣ ሳይዞሩ። በሩን መልሶ ዘጋው። ከዚያ በኋላ የመጣ እስረኛ ሁሉ ስሙን ከነገረን ቀጥሎ የሚማረው ይህን ነበር።

ከወጣሁ በኋላ ያንኑ መድኃኒት ገዛሁና ወረቀቱን አነበብኩት። የኔታ በቃል ያስጠኑን ሁሉ አለበት፤ በደቃቅ ፊደል፣ ማንም ሊያነበው በሚችል ቦታ። መንግሥትን የሚነካ አንድ ቃል ፈለግሁበት። የለም።

የኔታ ተፈተው አገራቸው ገብተዋል፤ ደህና ናቸው። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላ ነው። ከእኛ በፊት በዚያ መጋዘን ሰዎች ታስረዋል፤ ለእነሱም መድኃኒቱ በፌስታል ነው የገባላቸው። ከመካከላቸው የሞተ ካለ፣ ምን ሲወስድ እንደነበር እንዲነገረኝ መጋዘኑን ለሚያስተዳድረው ቢሮ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። መልስ አልመጣም። በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ። ጸሐፊዋ አሁን ስታየኝ፣ ምንም ሳልናገር፣ ወንበር ትስብልኛለች።