የቧንቧው ቁልፍ ካዛንቺስ ደርሶ ሲመለስ

ቅዳሜ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ፣ ላንቻ

ከግቢያችን ስንወጣ ጨለማው ገና ከአጥሩ ሥር አልተነሣም። ከላንቻ እስከ ካዛንቺስ መሄድ ጉዞ ይባላል ወይ የሚለኝ ሰው ካለ፣ ጉልበቴን ተውሶ ይሞክረው። በእግር ነው የምንሄደው። የልጅ ልጄ ናትናኤልና ሚስቱ መዓዛ ለሦስት ወር መኪና ላይሳፈሩ ተማምለዋል፤ ዛሬ ሁለተኛው ወር ተጋምሷል።

መኪና ብቻ አይደለም የተዉት። ስኳር ከቤት ወጥቷል። ፌስታል በራችንን አያልፍም። አንድ ጉርሻ ሠላሳ ጊዜ ይታኘካል፤ ሲታኘክ አይወራም። በጥሞና መኖር ይሉታል። እያማኋቸው አይደለም፤ ከልባቸው ነው። ናትናኤልን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ሲዋሽ አውቀዋለሁ፣ ይህን ግን አልዋሸም።

ጣጣው የመጣው ከጎመኑ ነው። ባልና ሚስቱ በግቢው ግድግዳ ሥር፣ በማዳበሪያ ከረጢትና በተቆረጠ ጀሪካን፣ ጎመንና ቆስጣ ተከሉ። ጎመን ውሃ ይጠጣል። ግቢያችን አምስት አባወራ በአንድ ቧንቧ ነው የሚኖረው። ውሃው ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ይመጣል፤ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ጀሪካን ይቀዳል። ቧንቧው በብረት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ጓጉንቸር አለው፤ የጓጉንቸሩ ቁልፍ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው። ግቢው መርጦኝ የያዝኩት ናትናኤል ትምህርት ቤት ሳይገባ ነው።

ልጆቹ ለጎመኑ ሦስተኛ ጀሪካን ጠየቁኝ።

«ጎመን የቀበሌ መታወቂያ የለውም» አልኳቸው።

ቀልድ መስሏቸው ነበር። እንዳልቀለድኩ ሲገባቸው፣ በወሩ መጨረሻ ከከተማ ወጣ ብለው የራሱ ቧንቧና ጓሮ ያለው ቤት እንደሚከራዩ ነገሩኝ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ካዛንቺስ አንድ አትክልተኛ ሽማግሌ አለ፣ እሱን አይተሽ ፍረጂ አሉኝ። እነሱ የሚወስዱኝ ሐሳቤን እንድቀይር ነው። እኔ የምሄደው ጥለውኝ እንዳይሄዱ ነው።

በር ላይ ቆም አልኩ። ትናንት ዓርብ ውሃው አልመጣም። ዓርብ የቀረ ውሃ አንዳንዴ ቅዳሜ ብቅ ይላል። ወጉ ቢሆን ቁልፉን ለጎረቤቴ ለዘነበች ትቼ መሄድ ነበረብኝ። ግን ዘነበች ከሁለት ዓመት በፊት እንግዳ መጣብኝ ብላ ተደብቃ ሦስተኛ ጀሪካን ቀድታ ነበር። እኔም አንድ ተራ ዘለልኳት። ከዚያ ወዲህ እግዜር ይመስገን ከመባባል አላለፍንም።

«ምን ረሳሽ እማማ?» አለ ናትናኤል።

«ምንም» አልኩና ወጣሁ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

1 ሰዓት፣ ኦሎምፒያ

መንገዱ ስለተቆፈረ በውስጥ ለውስጥ ነው የመጣነው። የአንድ ሱቅ ዘበኛ «በጠዋት ስፖርት ነው እናቴ?» ብሎኝ ነበር፤ «ቅጣት ነው» አልኩት።

ኦሎምፒያ ነቅታለች። ካፌዎቹ ወንበራቸውን እየጠረጉ ነው። ሚኒባሶች እርስ በርስ እየተጋፉ ይጮኻሉ። ከአንዲት ሙዝ ሻጭ አንድ ኪሎ ገዛን። እጇ ሳይታዘዝ ፌስታሉን በጠሰች።

«ፌስታል አንፈልግም» አለች መዓዛ።

«ታዲያ በምን ልትወስጂው ነው? በእፍኝሽ?»

መዓዛ ከአሮጌ መጋረጃዬ የሰፋችውን የጨርቅ ቦርሳ ከፈተች። ሻጯ መጋረጃውን አየች፣ እኔን አየች።

«ድሮ ዘንቢል ይዘን ስንዞር ሠልጥኑ ተብለን ጣልነው» አለችኝ። «አሁን ደግሞ የሠለጠነ ሰው ነው የሚይዘው። እኛ መቼ ነው የምንደርስባቸው እማማ?»

አጠገቧ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሙዙን በላን። ሁለቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ያኝካሉ። እኔ ሁለት ሙዝ ጨርሼ ወደ ላንቻ የሚወርዱትን ታክሲዎች መቁጠር ጀመርኩ።

«ከዚህ እስከ ካዛንቺስ በዝምታ ነው የምንሄደው» አለች መዓዛ። «ስልክም ይጠፋል።»

«የእኔም?»

«የእርስዎም እማማ። አንዴ እንኳን ይረፉ።»

አጠፋሁት። ልጅቱ ስታዝ ለስላሳ ናት፤ እንቢ ለማለት የሚያዝ ጫፍ የላትም።

ወደ 2 ሰዓት፣ ባምቢስ

ዝምታ ለእነሱ እረፍት ነው፤ ለእኔ ግን ጆሮ ይከፍታል። ጥሩምባ፣ ፍሬን፣ የብረት በር ሲከፈት። ሁለት ሰዎች ፍራሽ ተሸክመው በመኪና መሐል ይሻገራሉ። አንድ ሰው ከሱቅ በር ላይ በላስቲክ ቱቦ አስፋልት ያጥባል። ያ ውሃ ስንት ጀሪካን ይሞላል? ለማን ተፈቅዶ ነው? ልናገር አፌን ስከፍት ናትናኤል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

መዓዛ ቀደም ብላ «ሐሳብ ሲመጣብዎ እስትንፋስዎን ያዳምጡ» ብላኝ ነበር። አዳመጥኩ። የምሰማው ቧንቧ ነው። መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ሳል፣ ከዚያ ውሃ። በየእርምጃዬ ቁልፉ ደረቴን ይመታል። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ፤ ከዚያ ላንቻ የሚታይ ይመስል።

2 ሰዓት ተኩል፣ ካዛንቺስ

የአትክልተኛው የአቶ ደምሴ ግቢ ከሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች ኋላ የተደበቀ የቆርቆሮ ቤት ነው። አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል፤ የሚፈርስ ቤት ምልክት ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሆቴል ውስጥ ልብስ ሲያጥብ ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። ግቢው ውስጥ በአሮጌ ጎማ ሰላጣ፣ በተሰበረ መታጠቢያ ገንዳ ጥቅል ጎመን፣ በቀለም ቆርቆሮ ቃሪያ አለ። እንዲህ የለመለመ ነገር በዚህ ሰፈር አላየሁም።

«ውሃ ከየት ያመጣሉ?» አልኩት ሳልቀመጥ።

«ከልብሴ» አለ። «የመጀመሪያው ውሃ ሳሙና ነው፣ ሽንት ቤት ይወርዳል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው፣ ማለቅለቂያው፣ የእነዚህ ነው። የፊት መታጠቢያዬም፣ የጎመን ማጠቢያዬም የእነዚህ ነው።»

«ጎረቤት ምን ይላል?»

«ምን ይላል? ድርሻዬን ሁለት ጊዜ ነው የተጠቀምኩበት። የማንንም አልነካሁ።»

ይህ ቃል ገባኝ። ስንት ሳምንት ከልጆቹ ጋር ስለ ሦስተኛ ጀሪካን ስንጣላ፣ እነሱም ሲጠይቁ እኔም ስከለክል፣ ሁላችንም እጣቢያችንን ወደ ቦይ እየደፋን ነበር። አፈሩን ጨበጥኩት፤ ጥቁርና እርጥብ ነው።

«ሊያፈርሱት ነው አይደል?» አልኩት አጥሩን እያሳየሁ።

«ቁጥሩን ጽፈው ከሄዱ ሁለት ክረምት አለፈ። ሰላጣ በአርባ ቀን ይደርሳል። እኔም በአርባ በአርባ ቀን ነው የማስበው።»

መዓዛ ፊቴን ታነባለች። የምትጠብቀውን ልነግራት ነበር። ግን እጄ ሳላስበው ስልኬን ከፈተ። አሥራ አንድ ጥሪ አመለጠሽ የሚል መልእክት ገባ፣ ሁሉም ከዘነበች። እያየሁት አሥራ ሁለተኛው ጮኸ።

«ብዙነሽ፣ ውሃው መጥቷል። ቁልፉስ?»

«ከመጣ ቆየ?»

«ሊጨርስ ነው። የት ነሽ?»

«ካዛንቺስ።»

ዝም አለች። እንደዚያ ያለ ዝምታ ከጥሞና ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

3 ሰዓት፣ በላዳ

ታክሲ ያስቆመው ናትናኤል ነው። መሐላቸውን ላስታውሰው ስል መዓዛ ቀድማኝ ገባች፤ ለእኔም በሩን ያዘችልኝ።

ባምቢስ ላይ ቆምን። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና። እግሬ የሌለ ነዳጅ ይረግጣል።

«እማማ፣ ወለሉን አይብሱብኝ፣ አሮጌ ነው» አለ ሾፌሩ። «ማን ታሞ ነው?»

«ውሃ መጥቶ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

በመስታወቱ አየኝ፤ አንገቴ ላይ ያለውንም አየ። «እኛ ግቢ እንዲህ ያደረገ ሰው ዕቁብ እንኳ አይገባም ነበር» አለና በአንድ ጠባብ መንገድ ጠመዘዘ። አልተቀየምኩትም፤ እውነቱን ነው።

ላንቻ መግቢያ መንገዱ ተዘጋ። ወረድኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ ብል ቅጥፈት ነው፤ ግን ማንም አልቀደመኝም።

3 ሰዓት ከአርባ፣ ግቢያችን

አሥሩ ጀሪካን በተራ ተደርድሯል። የእኔም ሁለቱ በቦታቸው ናቸው፤ ሰው አውጥቶልኛል። ሳጥኑ ሥር የራስ ቅል የሚያክል ድንጋይ ተቀምጧል። ጓጉንቸሩ ግን ደህና ነው። ዘነበች አንዱ ጀሪካን ላይ ተቀምጣለች።

«ለምን አልሰበራችሁትም?» አልኩ እያለከለክሁ።

«ሊሰብሩት ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩ» አለች። «ያላንቺ እጅ ሳጥኑ አይነካም ብለሽ ያስማልሽን አንቺ ነሽ። እኔ አንዴ ተቀጥቻለሁ፤ ሁለተኛ አልቀጣም።»

ከፈትኩት። ቧንቧው ሳለ። አንድ ጀሪካን ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ውሃው ቀጠነ፣ ከዚያ አየር ብቻ። ያንን በጣሳ ለአራት ቤት አካፈልኩ። የእኔን ጀሪካኖች ባዶአቸውን ከተራው አወጣሁ። አንድ ጎረቤት «ኧረ ተይ» አለ፤ አልተውኩም። ግቢውን ያስጠማ ሰው ተራው ይዘለላል፤ ሕጉን ያወጣሁት ሌላ ሰው ላይ ብቻ እንዲሠራ አይደለም።

ይህን ጊዜ መዓዛ ከቤት ሁለት ጀሪካን እየጎተተች መጣች። ልብሳቸውን ሳያጥቡ ለጎመኑ ያጠራቀሙት ነው። ናትናኤል ተመለከታት።

«ጎመኑ ይጠብቃል» አለችውና ከዘነበች ቤት ጀምራ ማደል ያዘች። ለእኔም ልትቀዳ ስትል በጣሳው ላይ እጄን አደረግሁበት።

ከዚያ ቁልፉን ከማተቤ ለየሁት። ክሩ ጠብቆ ስለነበር በጥርሴ ነው የፈታሁት። ለዘነበች ሰጠኋት። አልቀበልም አላለችም፤ አመሰግናለሁም አላለችም። አንገቷ ላይ አሰረችው።

ናትናኤል ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ እማማ፣ የሦስተኛው ጀሪካን ነገርስ?»

«ቁልፍ ያዧን ጠይቅ።»

ወደ ዘነበች ዞረ። ዘነበች ፊቷን ሳታፈታ፣ «ጎመን የቀበሌ መታወቂያ የለውም» አለች።

ግቢው ሳቀ። እኔ ትንሽ ቆይቼ ነው የሳቅኩ።

ቤት ገባሁ። አልጋዬ ሥር፣ ሐሙስ ነጠላዬን ያለቀለቅሁበት ውሃ በሳፋ ነበር፤ ዓርብ ውሃ ስለቀረ ሳልደፋው ያደረ። ጎትቼ አወጣሁት። መዓዛ ሮጣ መጥታ በአንዱ በኩል ያዘችልኝ፤ ሁለታችን ተሸክመን ወደ ግድግዳው ወሰድነውና ከጫፍ እስከ ጫፍ ለጎመኑ እኩል እኩል አጠጣነው። አፈሩ ሲመጥ ድምፅ አለው።

«ነገ የእኔንም አስቀምጣለሁ» አለች መዓዛ።

«ነገ ብቻ?» አልኳት።

«ጎመኑ እስኪደርስ» አለች። «ከዚያም ሌላ እንተክላለን።»

የወሩን መጨረሻ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁባትም። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ እግሬን ዘረጋሁ። ማክሰኞ ሩቅ ነው። ጆሮዬ ግን ቧንቧው ላይ ነው፤ እጄም አሁንም አሁንም ወደ አንገቴ ይሄድና ማተቤን ብቻ አግኝቶ ይመለሳል።