ከማጅራቷ ላይ የሚቀረው ጸጉር

የጀመረኝ ሻሼን ልቋጥር ስል ነው። ቀኝ እጄን ወደ ኋላ ስሰድ ትከሻዬን ወጋኝ። መርሳ ገበያ ማንጎ እየቸረቸርኩ፣ ዘንቢል ስሸከም የምውል ሴት ነኝ። ድካም ነው ብዬ ተውኩት።

ባሰ። ጎረቤት ሁሉ «አታንቀሳቅሺው» ስላለኝ ክንዴን በነጠላ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከረምኩ። ስፈታው አልነሣ አለ። በቀኝ ጎኔ መተኛት ቀረ። የልጄን የሀያትን ሹሩባ መሥራትም ቀረ።

ሹሩባውን የባለቤቴ እህት ዘይነባ ተረከበችኝ። እጇ ሸጋ ነው፤ ያበገነኝም እሱ ነው። ሀያት በዘይነባ ጉልበቶች መሀል ቁጭ ብላ የትምህርት ቤት ወሬዋን ሁሉ ለሷ ታወራለች። ያ ወሬ የኔ ነበር። ቀናሁ። አንድ መጽናኛ ብቻ ነበረኝ፤ ዘይነባ ሁልጊዜ ከሀያት ማጅራት ላይ ጥቂት ጸጉር ሳትሠራ ትተዋለች። «የራሷ ልጅ ብትሆን ትጨርሰው ነበር» እያልኩ በሆዴ አማት ነበር።

ወልድያ ሄድኩ። የአጥንት ሐኪሙ ክንዴን ሊያዞረው ሲሞክር ጮኽኩ።

«ፍሮዝን ሾልደር ይባላል» አለኝ። «የመገጣጠሚያው ሽፋን፣ ካፕሱሉ፣ ተቆጥቶ ተጨማዷል። እንደ እርስዎ ስኳር ያለበትን ሰው ያጠቃል። አንጠልጥለው መክረምዎ ደግሞ አባሰው። ይድናል እናቴ፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።»

እሱ የላከኝ የፊዚዮቴራፒ፣ የእንቅስቃሴ ሕክምና፣ ባለሙያ ትከሻዬን በሙቅ ፎጣ አሙቄ፣ ጣቶቼን ግድግዳ ላይ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ማስኬድ አስተማረችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ወደ ግድግዳው የሚገፋኝ ቅናት ነበር፤ ዘይነባ ማበጠሪያ ባነሳች ቁጥር እኔ ግድግዳዬን እይዛለሁ። ከዚያ ሀያትን ጠርቼ ያችን የቀረች ጸጉር ቀስ ብዬ እጎነጉናለሁ። ክንዴ እየላላ ሲመጣ የሚቀረውም ጸጉር እየበዛ፣ ከማጅራቷ አልፎ እስከ ጆሮዋ ደረሰ። ሰለቻት ማለት ነው ብዬ ይበልጥ ተናደድኩ።

በዒድ ዋዜማ ሀያት ጸጉሯን እንደበተነች ከአክስቷ ቤት መጣች። ደሜ ፈላ።

«ለዒድ እንኳ ሰለቸሻት?»

«ኧረ እማ! እሷማ ትከሻሽን እያየች ነው የምትተውልሽ። ‹ይቺ የእናትሽ ድርሻ ናት› ትለኛለች። ዛሬ ሙሉውን ትሥራሽ አለች።»

ማበጠሪያውን አነሣሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሠራኋት፤ ከፊት በኩል ትንሽ ተንጋደደ። ሀያት ወሬዋን ጀመረችልኝ።

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ሻሼን ራሴ እቋጥራለሁ። ያከሙኝን አላህ ይጠብቅልኝ። ዘይነባንም፤ ምንም እንኳ ሀያት ለሷ ስትስቅላት አሁንም ትንሽ ቢቆጠቁጠኝ። ትከሻ የያዛችሁ ሁሉ፣ ሐኪም ሳያዝ ክንዳችሁን አንጠልጥላችሁ አትቀመጡ፤ ቶሎ ታዩ፣ ስኳራችሁንም ተመርመሩ። የሚረዳችሁ ሰው ካለ ደግሞ፣ ሁሉን አይጨርስባችሁ። ጥቂት እንዲተውላችሁ ለምኑት።