ከድልድዩ ስር የወጣንበት ቀን

ኦሮራ ከተማ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለፈው ግንቦት ስለ አውሎ ነፋስ ሳስተምር ተማሪዎቼ ቶርኔዶ የሚባለውን አዙሪት በዓይኔ አይቼ እንደማውቅ ጠየቁኝ። አላየሁም ነበር። ስለዚህ ሞንትቤሎ ሰፈር የሚኖሩትን አጎቴን እንዲወስዱኝ ለመንኳቸው፤ ቅዳሜ ዕለት የኤርፖርት መንገደኛ በሚያመላልሱበት መኪና ወደ ምሥራቅ፣ አውሎ ነፋስ ወደሚበዛበት ሜዳ ወጣን።

«ሰው ከበረዶ ይሸሻል፤ የእህቴ ልጅ ፍለጋ ትወጣለች» አሉ እየሳቁ።

«በረዶውን አይደለም ጋሼ፣ የሚሽከረከረውን ደመና ነው።»

መንገዱን ሁሉ ሳብራራ ሄድኩ። ሱፐርሴል የሚባለው ደመና ከሌላው የሚለየው ወደ ላይ የሚወጣው አየር እየዞረ ስለሚወጣ ነው። እሳቸው «እሺ መምህርት» እያሉ ይነዳሉ።

ከሰዓት በኋላ ምዕራቡ ጠቆረ። ደመናው ሆዱን ወደ መሬት አውርዶ ቀስ ብሎ ይዞራል። ወዲያው በረዶ ጣሪያውን ይደበድብ ጀመር፤ አጎቴ ሳያመነቱ ሀይዌዩ ላይ ካለ ድልድይ ስር ገብተው ፓርክ አደረጉ።

የሐበሻ ሾፌሮቻችን ልማድ ነው። ከተማው ውስጥ በረዶ ሲጀምር «ፒዮሪያ ጎዳና ጋ እየጣለ ነው፣ ድልድይ ስር ግባ» እየተባባሉ ይደዋወላሉ። ብዙ መኪና ድኖበታል። እዚህ ግን ከደመናው ሥር ጅራት የመሰለ ነገር ወርዶ፣ አፈር እያነሳ ወደ እኛ ይመጣ ነበር።

«ጋሼ፣ እንውጣ። ነፋስ ድልድይ ስር ሲገባ ቦታው ስለሚጠበው ይበረታል፤ ጠራርጎ ነው የሚወስደን። አሁኑኑ ወደ ደቡብ ከታጠፍን እናመልጠዋለን።»

«ይሄ መኪና እንጀራዬ ነው። ቢሰባበር ሰኞ በምን ልውጣ?»

«እርስዎ ከሌሉስ ማን ይነዳዋል?»

«ቢስሚላህ» ብለው ሞተሩን አስነሱ።

በእርሻዎች መካከል በሚያልፍ መንገድ ወደ ደቡብ ስንበር የፊት መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ ኮፈኑ ጎደጎደ። በረዶው ሲያቆም ወርደን ዞረን አየን። ቶርኔዶው ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ሜዳው ላይ እየቀጠነ ጠፋ።

አጎቴ ኮፈኑን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ድልድዩን አልነካውም» አሉ።

«አልነካውም።»

በጠርሙስ ውሃ ውዱእ አደረግንና መንገዱ ዳር የዐስር ሶላት ሰገድን።

መኪናው ጋራዥ በቆመበት ሳምንት ሃቫና ስትሪት ያለ ሻይ ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። አንድ ጓደኛቸው፣ እሱም ሾፌር ነው፣ «ደህና መጠለያ ትቶ መኪናውን በበረዶ ሊያስወግር የሚወጣ ሰው አላየሁም!» ብሎ ሳቀባቸው። ሌሎቹም አጀቡት።

አጎቴ አልሳቁም። «ልጅቷ አጠገቤ ነበረች» አሉ። «ለበረዶ ድልድይ ስር ግባ። ያንን ጅራት ካየህ ግን የመኪናህን ነገር እርሳው፤ ነድተህ ውጣ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ለምን እንደሆነ አስረጃቸው።»

ሁለት የሻይ ብርጭቆ እንደ ድልድይ ምሰሶ አቀራረብኩና፣ በመሃላቸው ቁራጭ ሶፍት አስቀምጬ እፍ አልኩ። ሶፍቱ ተጠራርጎ ከጠረጴዛው ወደቀ።